አንባቢ ብዕር ሲያነሣ

በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የሚሠራ ወዳጅ አለን። በቅርቡ ከሥራ ሰዓት በኋላ ልንጠይቀው ብንገባ በፊቱ የነበረውን ደብተር በፍጥነት በፋይል ሸፈነው። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ፊቱ ያስታውቃልና ምን እንደ ሆነ እንዲነግረን አጥብቀን ያዝነው። ብዙ ካቅማማ በኋላ ደብተሩን ገለጠልን። ለካ ወዳጃችን ማታ ማታ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጨረሻ እንደ ገና ይጽፍ ኖሯል። በእርሱ ደብተር ውስጥ በዛብህ አይሞትም።

እኛም ሳቅን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሊያርመው ተነሣ ብለን ቀለድንበት። ወዳጃችን ግን አልሳቀም። «አራት ጊዜ አነበብሁት፤ አራቱንም ጊዜ ሞተብኝ» አለን። ይህ አነጋገር እስከ ቤታችን ድረስ ተከተለን። ነገሩን በእርጋታ ስንመረምረው ሳቃችን ያላዋቂ ሳቅ እንደ ነበረ ተረዳን፤ ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፋችንን እርሱን ለመካስ እናውለዋለን።

ወዳጃችን ለያዘው ሥራ በውጭ አገር ስም ወጥቶለታል። «ፋን ፊክሽን» ይሉታል፤ የአድናቂዎች ድርሰት ማለት ነው። ይኸውም አንድ ሰው ሌላ ደራሲ የፈጠራቸውን ሰዎችና የፈጠረውን ዓለም ተውሶ የራሱን ታሪክ ሲጽፍበት ነው። ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ሥራው ስለ ቀለለ የሚጽፈው ሰው ስፍር ቍጥር የለውም፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ከኢንተርኔት ጋራ አብሮ የተወለደ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ዕድሜው ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ሥራ ፈትነት ነው የሚለውንም ፍርድ እኛ አንቀበለውም። (ከዚህ በታች የውጭውን አገር ታሪክ ስንናገር ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ክፉውን ምሳሌ እናንሣ። የእስፓኙ ደራሲ ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ የ«ዶን ኪኾቴ»ን የመጀመሪያ ክፍል በ1605 ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ወዲያው ዝናው ተሰማ። ሁለተኛውን ክፍል እጽፋለሁ እያለ ግን ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል በ1614 አቬላኔዳ የሚል የብዕር ስም የያዘ አንድ ሰው የራሱን «ሁለተኛ ክፍል» አሳትሞ አወጣ። ሰውየው ታሪኩን ቀጥሎ ዝም ቢል ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በመቅድሙ ላይ ሰርቫንቴስን በሽምግልናውና በሰለለችው እጁ ሰደበው፤ ከመጽሐፉም ሊያገኝ የሚችለውን ጥቅም እንደሚወስድበት ሳያፍር ገለጠ። ሰርቫንቴስ እጁ የሰለለችው በ1571 በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ላይ ቆስሎ ነውና ስድቡ አጥንት የሚሰብር ነበር።

የሰርቫንቴስ መልስ ከፍርድ ቤት ክስ የበለጠ ሆነ። በ1615 ባወጣው በእውነተኛው ሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ ዶን ኪኾቴ ራሱ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ተቀምጦ የሐሰተኛውን መጽሐፍ ወሬ ይሰማል። ሐሰተኛው ዶን ኪኾቴ ወደ ሳራጎሳ ከተማ ሄዷል ቢሉት፣ እንግዲያውስ እኔ ከቶ እግሬን ወደዚያ አላነሣም ብሎ መንገዱን ወደ ባርሴሎና ያዞራል። በመጨረሻም ማንም ዳግመኛ እንዳይነካው ደራሲው ራሱ ገደለው። ሰርቫንቴስም በሚከተለው ዓመት ሞተ።

እንግዲህ የአቬላኔዳ ጥፋት ምን ላይ ነው? የሰው ታሪክ መቀጠሉ ላይ ነውን? እኛ አይመስለንም። ጥፋቱ ስሙን ሸሽጎ መሳደቡና የሽማግሌውን እንጀራ መሻማቱ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ደጉን ምሳሌ ለማግኘት ወደ ሰሜን እንግሊዝ እንሻገር። ሃዎርዝ በሚባል መንደር የሚያገለግል ፓትሪክ ብሮንቴ የተባለ ቄስ በ1826 ለወንድ ልጁ ለብራንዌል 12 የወታደር አሻንጉሊቶች ገዝቶለት መጣ። እናታቸው የሞተችባቸው አራቱ ልጆች ወታደሮቹን ተከፋፈሉ። ሻርሎት የራሷን የዌሊንግተን መስፍን ብላ ሰየመችው፤ ብራንዌል ደግሞ የራሱን ቦናፓርት አለው። ሁለቱም ስማቸው በየጋዜጣው የሚነሣ ታላላቅ የጦር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለነዚህ ወታደሮች አገር ፈጠሩላቸው፤ ለአገሩም መጽሔትና ግጥም ታሪክም ጻፉለት። መጽሐፎቹ ለአሻንጉሊቶቹ ቁመት የተመጠኑ ስለ ነበሩ ፊደላቸው ያለ አጉሊ መነጽር ለማንበብ እስኪያስቸግር ድረስ የደቀቀ ነው።

ሃያ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1847፣ ሻርሎት «ጄን ኤይር»ን፣ ኤሚሊ «ውዘሪንግ ሃይትስ»ን፣ አን ደግሞ «አግነስ ግሬይ»ን አሳተሙ። በተውሶ ስም በተጀመረው የልጅነት ጨዋታ እጃቸውን ሳያፍታቱ ከዚህ ማዕርግ ይደርሱ ነበር ብሎ የሚምል ሰው ካለ ድፍረቱን እናደንቃለን።

ከሁሉ ይልቅ የወዳጃችንን ሁናቴ የሚመስለው ግን የሼርሎክ ሆልምስ ነገር ነው። ሐኪሙ አርተር ኮናን ዶይል ይህን ብልህ ወንጀል መርማሪ ፈጥሮ ታሪኩን በ«ስትራንድ» መጽሔት ላይ ሲያወጣው የእንግሊዝ አንባቢ ወደደው። ደራሲው ግን ሰለቸው። ዶይል ትልቅ ነው ብሎ የሚያምንበት ሥራ ጥንታዊ የታሪክ ልብ ወለድ መጻፍ ነበርና መርማሪው ጊዜውን በላበት። በ1891 ሊገድለው ማሰቡን ለእናቱ ቢጽፍላቸው እናቱ ተቃወሙት፤ ሆልምስም በእናት ምልጃ ሁለት ዓመት ዕድሜ ተጨመረለት። በታኅሣሥ ወር 1893 ግን በስዊስ አገር በራይኸንባኽ ፏፏቴ ገደል ገባ። ከ20,000 በላይ የመጽሔቱ ደንበኞች ውላቸውን አፈረሱ ይባላል፤ ለደራሲውም የቍጣ ደብዳቤ ጐረፈለት።

ከቍጣው ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው፤ ሆልምስ ገና በሕይወት ሳለ ሌሎች ብዕሮች ተነሥተውለት ነበር። ኋላ «ፒተር ፓን»ን የጻፈው ጄምስ ባሪ በ1893 ከዶይል ጋራ ሆኖ የደረሰው የሙዚቃ ተውኔት በሕዝብ ፊት ወደቀባቸው። ባሪም ወዳጁን ለማጽናናት በአንድ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ አጭር የሆልምስ ታሪክ ጽፎ ሰጠው። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ደራሲዎች ወደ ሆልምስ መጥተው ተውኔታችንን ሕዝብ ለምን እንደማያየው መርምርልን ይሉታል! ዶይል አልተቀየመም። እንዲያውም በ1924 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በሆልምስ ላይ ከተጻፉት ማስመሰያዎች ሁሉ ብልጫውን ለዚህ ሰጥቶ ሙሉውን አተመው።

በ1896 ደግሞ ለኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ዶይል በገዛ መርማሪው ላይ የሚቀልድ አጭር ታሪክ ጻፈላቸው፤ ሆልምስ በዚያን ጊዜ በይፋ ሟች ነበር። አሜሪካዊው ተዋናይ ዊልያም ጂሌት መርማሪውን በመድረክ ላይ ሊያወጣው ሲያዘጋጅ፣ ሚስት ላጋባው ወይ ብሎ በቴሌግራም ቢጠይቅ፣ ዶይል አጋባው ወይም ግደለው፣ ደስ ያለህን አድርገው ሲል መለሰለት። በልጁ ላይ ለሌላ ሰው እንዲህ የሚፈቅድ አባት ቢገኝ ዘመድ ይሰበሰብበት ነበር። እኛ ግን ከዚህ መልስ ውስጥ መሰልቸትን ብቻ ሳይሆን ልግስናንም እናያለን።

በ1903 ሆልምስ ከገደሉ ወጣ፤ ለካ አልሞተም ነበር ተባለ። ደራሲውን ያባበለው አንደኛው ነገር ገንዘብ መሆኑን አንሸሽግም። ይሁን እንጂ የሞተውን ሰው አሥር ዓመት ሙሉ በልባቸው ያኖሩ አንባቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ገንዘቡን ማን ያቀርብለት ነበር?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነጠላ ሰዎች ነው። አድናቂዎች እርስ በርሳቸው ተዋውቀው ማኅበር ሲያቆሙ የምናየው ግን በአሜሪካ በሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ዘንድ ነው። ሁጎ ጌርንስባክ በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ነገር ወለደች። በየከተማው ብቻቸውን የሚያነቡ ልጆች አድራሻውን እያዩ እርስ በርሳቸው ይጻጻፉ ጀመር፤ ክበብም አቆሙ። በ1930 በቺካጎ «ኮሜት» የተባለች መጽሔት አወጡ፤ ከአድናቂዎች መጽሔት የመጀመሪያይቱ እርስዋ ናት ይባላል። እንዲህ ላሉት መጽሔቶች «ፋንዚን» የሚለው ስም የወጣላቸው በ1940 ነው። በዚያን ጊዜ በውስጣቸው የሚጻፈው ድርሰት አብዛኛውን የጸሐፊዎቹ የራሳቸው ፈጠራ ነበር እንጂ የሌላ ደራሲ ታሪክ ቅጥያ አልነበረም፤ ነገር ግን ቤቱ ተሠርቶ ነዋሪውን ይጠብቅ ነበር።

ከነዚህ ልጆች ሁለቱን ሳንጠቅስ አናልፍም። የክሊቭላንድ ከተማ ተማሪዎች የነበሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ራሳቸው በሚያባዙት መጽሔት በ1933 ስለ አንድ ኃይለኛ ሰው ታሪክ አወጡ። ያ ሰው መልኩም ጠባዩም ተለውጦ በ1938 «ሱፐርማን» ሆኖ ታተመ። ልጆቹ መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ሱፐርማን ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ያስገባውን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው፣ እንጀራ የሚሻማው አቬላኔዳ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

አሁን ወደ ነዋሪው እንምጣ። «ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ በአሜሪካ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው። በአንዲት የጠፈር መርከብ ላይ ስለሚሠሩ ሰዎች የሚናገር ሲሆን ከነርሱ አንዱ ስፖክ ይባላል። አባቱ ቨልካን ከሚባል ሌላ ዓለም ነው፤ እናቱ ግን የምድር ሰው ናት። ከሁለት አገር ተወልዶ በሁለቱም ዘንድ እንደ ባዳ የሚታይ፣ ስሜቱንም የሚሸሽግ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑ ስለ ስፖክ አስተዳደግ ጥቂት ተናግሮ ሌላውን ዝም አለ። እንደ እኛ አስተያየት የአድናቂ ድርሰት የሚበቅለው ሁልጊዜ እንዲህ ባለው ዝምታ ላይ ነው፤ ደራሲው የተወው ባዶ ቦታ የአንባቢው እርሻ ይሆናል።

በሴፕቴምበር 1967 ዴቭራ ላንግሳምና ሼርና ኮመርፎርድ የተባሉ ሁለት ሴቶች በኒውዮርክ «ስፖካናሊያ» የተባለች መጽሔት አወጡ። ስለ «ስታር ትሬክ» ብቻ የተዘጋጀች የመጀመሪያይቱ የአድናቂዎች መጽሔት ናት። በውስጧም ታሪክ፣ ግጥም፣ ስለ ቨልካን ሰዎች ልማድና ቋንቋ የተጻፈ ጥናት ሳይቀር ነበረባት። ስፖክን ሆኖ የሚጫወተው ሌናርድ ኒሞይ ለመጀመሪያው እትም ደብዳቤ ላከላቸው። የታሪኩ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪም ኋላ፣ በመሥሪያ ቤታችን ያለ ሰው ሁሉ ሊያነባት ይገባል ብሎ ጻፈላቸው። ከአቬላኔዳና ከሰርቫንቴስ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚርቅ አንባቢ ይመልከት።

መጽሔቷ እንዴት እንደምትዘጋጅ ጥቂት ብንናገር ደስ ይለናል፤ ሥራ ፈትነት ለሚሉት ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለንምና። በዚያን ዘመን እንዲህ ያሉት መጽሔቶች የሚዘጋጁት አባቶቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያባዙበት በነበረው በማባዣ መኪና ነው። በመጀመሪያ ጽሑፉ በጽሕፈት መኪና ስቴንስል በሚባለው በሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ይመታል፤ ፊደሉ ሰሙን እየበሳ ያልፋል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ቀዳዳው በፈሳሽ ተደፍኖ፣ ፈሳሹ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ እንደ ገና ይመታል። ከዚያም ስቴንስሉ በቀለም በተሞላው ከበሮ ላይ ይጠመጠምና በእጅ ይዞራል። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። በመጨረሻም የገጾቹ ክምር በጠረጴዛ ዙሪያ ይደረደርና ወዳጅ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጠረጴዛውን እየዞረ አንድ አንድ ቅጠል እያነሣ መጽሔቱን ይሰበስባል፤ ይሰፋል፤ ፖስታ ውስጥ ይከታል፤ ቴምብር ይለጥፋል። ይህ ሁሉ ከደመወዝ ሥራ በኋላ በማታና በዕረፍት ቀን የሚሠራ ነው። የሚጠየቀውም ዋጋ የወረቀቱን፣ የቀለሙንና የፖስታውን ወጪ ለመሸፈን ነው እንጂ ለትርፍ አልነበረም። ደራሲው የሚያገኘው ደመወዝ በሚከተለው እትም የሚታተም የአንባቢ ደብዳቤ ነበር።

ይህ ፍቅር ከወረቀት አልፎ ወደ አደባባይ የወጣበትም ጊዜ አለ። የቴሌቪዥኑ ድርጅት ታሪኩን ሊያቋርጠው ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ከ100,000 የሚበልጥ ደብዳቤ ተጻፈለት። በጥር ወር 1968 በካሊፎርኒያ የካልቴክ ተማሪዎች ችቦ ይዘው ወደ ድርጅቱ ስቱዲዮ በሰልፍ ሄዱ። ታሪኩ አንድ ዓመት ተጨመረለት፤ በ1969 ግን ከ79 ክፍል በኋላ ቆመ። ከቆመ በኋላ ጽሑፉ አልቆመም፤ እንዲያውም በዛ። ከሚጽፉትም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በጥር 1972 በኒውዮርክ የመጀመሪያው ትልቅ ስብሰባ ሲደረግ አዘጋጆቹ ጥቂት መቶ ሰው ጠብቀው ከ3,000 በላይ መጣባቸው። በ1976 ደግሞ ባንታም የተባለው አሳታሚ ከማባዣ መኪና የወጡትን ታሪኮች መርጦ በመጽሐፍ መልክ አሳተማቸው።

ከሁሉም እኛን የማረከን ግን አንዲት ቃል ናት። በ«ስፖካናሊያ» የመጀመሪያ እትም ላይ ዶሮቲ ጆንስ የተባለች አድናቂ ለቨልካን ሰዎች «ኒ ቫር» የሚባል የግጥም ዓይነት ፈጠረችላቸው፤ አንድን ነገር በሁለት መልኩ የሚያሳይ ነው። (የቅኔ ተማሪ የሆነ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ይህች ቃል ከአድናቂ ወደ አድናቂ ስትተላለፍ ኖራ በ2020 በይፋው የ«ስታር ትሬክ» ታሪክ ውስጥ የዚያው ዓለም አዲስ ስም ሆና ወጣች። በተውሶ መሬት ላይ የተዘራች አንዲት ቃል ከ53 ዓመት በኋላ ለባለ መሬቱ ፍሬ ሰጠች።

ተቃዋሚዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው ክስ፣ ይህ ጽሑፍ ሂስ የማያውቅ የመወዳደስ ቤት ነው የሚል ነው። ክሱ ከፊሉ እውነት ነው፤ መጥፎው ጽሑፍ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ያን መጥፎ ጽሑፍ ቀድመው የሳቁበት አድናቂዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1973 ፓውላ ስሚዝ «ሜሪ ሱ» የምትባል ሴት ልጅ ያለችበት እጅግ አጭር ቀልድ ጻፈች። ሜሪ ሱ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት መኮንን ሆናለች፤ ሁሉ ይወዳታል፤ ሁሉንም ታድናለች፤ ስትሞትም መርከቡ በሙሉ ያለቅስላታል። ጸሐፊው ራሱን አስውቦ በታሪኩ መካከል ሲያስገባ «ሜሪ ሱ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ መገሠጫ ሆኖ ቀርቷል። እኛ በዩኒቨርሲቲ ሳለን የጻፍናቸውን ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ስናስታውስ፣ ሁለቱም ውስጥ ሜሪ ሱ ሱሪ ለብሳ ቆማለች።

ሁለተኛው ክስ ይከብዳል፤ የሰው ንብረት መንካት ነው የሚለው ነው። ይህን በንቀት አናልፈውም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ደራሲው ከሞተም በኋላ መብቱ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወዳጃችን ደብተሩን አሳትሞ ገበያ ላውጣው ቢል ቀድመን የምንከለክለው እኛ ነን። በራሱ ገንዘብ በገዛው ደብተር፣ የማን ሰዎች እንደ ሆኑ ሳይሸሽግ፣ ሳንቲም ሳይቀበል ጽፎ ለሦስት ወዳጆቹ ቢያነብ ግን የማንን እንጀራ ነካ? በእኛ በኩል፣ መጽሐፍን አንድ ጊዜ አንብቦ ለመደርደሪያ ጌጥ ከሚያኖር ሰው ይልቅ፣ አራት ጊዜ አንብቦ ከደራሲው ጋራ የሚከራከር ሰው ለደራሲው የበለጠ ክብር ሰጥቷል እንላለን።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ነግረን፣ ስለ ሳቃችንም ይቅርታ ጠይቀን ደብተሩን ተውሰን አነበብነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ደካማ ናቸው፤ በዛብህ እንደ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ይናገራል። ከመካከሉ ወዲህ ግን ሰብለ ወንጌል ከእሳት ዳር ተቀምጣ የተሰደደችበትን መንገድ የምትተርክበት ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ወዳጃችን የማንንም ቃል ሳይዋስ የራሱን ድምፅ አግኝቷል። ይህን ብንነግረው ደስ አለውና፣ ሰብለ ወንጌል የምትለውን እንዲያስተካክልበት ደብተሩን መልሶ ወሰደው። ስለ ጉዱ ካሣ ግን እስካሁን አልወሰነም፤ እርሱንም ላድነው ወይስ ልተወው እያለ በየማታው ይጠይቀናል።